ዳገት የማይወጣ የዳገት መኪና

ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ ዝቋላ ወረዳ የሚወርድ ሾፌር የያዘው መኪና ምን አቅም እንዳለው ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ዝቋላ ስንል ቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን ተራራ ሳይሆን፣ በዋግ ኽምራ ፅፅቃን መቀመጫው አድርጎ እስከ ተከዜ ሸለቆ የሚዘልቀውን ወረዳ ማለታችን ነው። ከደጋው ወደ ቆላው ሲወረድ አገሩ ገደልና ድንጋያማ ቁልቁለት ነው። በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ የሚታይበት የወንዝ መሻገሪያ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በዘነበ ዝናብ ደራሽ ውሃ ይሞላዋል። ውሃው ሲጎድል ትናንት የነበረው የጎማ ዱካ አይገኝም፤ በቦታው ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እንዲህ ያለ ኮረኮንች መንገድ መኪናን ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። አንደኛው ሆዱ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ሁለተኛው ጎማው ልቅ ጠጠር ላይ ምን ያህል መሬት እንደሚቆነጥጥ ነው። ሦስተኛው ረጅሙን ቁልቁለት ፍሬኑን ሳያቃጥል መውረድ መቻሉ ነው። ስለ ፓራፋንጎው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ስለ ፓራውልቱ ግርማና ጣሪያው ላይ ስለተቀመጠው ፖርቶ መጋላ መንገዱ ምንም አይጠይቅም።

ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት ከሚሸጡት መኪኖች ውስጥ ግን ብዙዎቹ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የላቸውም፤ መልኩን ብቻ ይዘዋል። ከፍ ብለው ይቆማሉ፣ ዙሪያቸውን በጥቁር ፕላስቲክ ታጥቀዋል፣ ፊታቸው ቆጣ ያለ ነው። ከሥራቸው ገብቶ ያየ ሰው የሚያገኘው ግን የፊት ጎማው ብቻ የሚጎትት ተራ የከተማ መኪና ነው። ይህ ጽሑፍ መልኩ ከችሎታው እንዴት እንደተለየና ልዩነቱ እንደ ዋግ ባለ አገር ለሚኖር ሰው ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ያስረዳል።

መልኩ ሥራ በነበረበት ዘመን

የተራራ መኪና መልክ ለውበት ተብሎ አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ የታየው ላንድሮቨር ለገበሬ የተሠራ ነበር። ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው ቆርቆሮውን በቀላሉ ለማጠፍና ሲጎዳም በቀላሉ ለመጠገን ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራውና በኋላ ላንድ ክሩዘር የተባለው መኪናም በዚያው ዓመት ፉጂ ተራራ ላይ እየወጣ ተፈትኗል። ከፍታው ድንጋይ ለማለፍ ነበር፤ በጎማው ዙሪያ ያለው ክፍተት ጭቃና ጠጠር እንዳይታመቅበት ነበር። ስኮርት ጎማው ከውጭ የተሰቀለው ከጭነት በታች ተቀብሮ እንዳያስቸግር ነበር። እያንዳንዱ የመልኩ ክፍል ከአንድ ችግር ጋር የተያያዘ ምክንያት ነበረው።

እኛ ዘንድ ለዚህ መልክ ሌላ ትርጉም ተጨመረበት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የወሎና የትግራይ ሕዝብ ኮረም ላይ በተሰበሰበበት ጊዜ፣ አስፋልት በሌለበት አገር የእርዳታ ሠራተኛና መድኃኒት ይዘው የሚደርሱት እንዲህ ያሉ ከፍ ያሉ መኪኖች ነበሩ። ቶዮታ ባለ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሩን ለዓለም ያወጣውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሃርድ ቶፕ የምንለው የዚህ ቤተሰብ መኪና እስከ ዛሬ አምቡላንስ፣ የጤና ቢሮ መኪና፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና ሆኖ የገጠሩን ዳገት ይወጣል። ሻንሲው ከቦዲው የተለየ ወፍራም ብረት ነው፤ የኋላው ክብደት በባሌስትራ ላይ ያርፋል፤ ከዋናው ካምቢዮ ሌላ ለዳገትና ለቁልቁለት ብቻ የሚገባ ተጨማሪ ከባድ ማርሽ አለው።

በዋግ ዳገት ላይ ብቅ የሚል ከፍ ያለ መኪና ለብዙ ዘመን የመንግሥት ወይም የድርጅት ነበር። በዚህ የተነሳ መልኩ በሰው ዓይን የሥልጣን፣ የመድረስና የመድኅን ምልክት ሆነ። ከተማ ገብቶ የደላው ሰው የዚያን መልክ መኪና ቢመኝ አይፈረድበትም። የመኪና አምራቾች ያነበቡትም ይህንኑ ምኞት ነው፤ በየአገሩ ምክንያቱ ቢለያይም ምኞቱ አንድ ነበር።

ራንቾ፦ መልኩ ብቻውን የተሸጠበት መኪና

እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዞች ሬንጅ ሮቨርን አወጡ። ገደል የሚወጣ፣ ውስጡም ለቤተሰብ የሚመች መኪና ነበር። አውሮፓ ወደደው፤ ዋጋውን የሚችለው ግን ጥቂት ሰው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣና ብዙ ነዳጅ የሚጠጣ ትልቅ ሞተር መያዝ ይበልጥ ከበደ።

ማትራ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ቀዳዳውን አየ። ማትራ ሚሳይልና የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 ድረስ የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። አዲስ ባለ አራት ጎማ ጎታች ሥርዓት ለመንደፍ የሚበቃ ገንዘብ ግን ለዚህ ሥራ አልነበረውም። ያደረገው ሲምካ 1100 ከሚባለው አነስተኛ መኪና የተሠራውን ፒክ አፕ ወስዶ ከወገቡ በላይ መልኩን መለወጥ ነው። የኋላውን ክፍል ከፍ ባለ ጣሪያና ሰፋፊ የጎን መስታወት ሠራው። የታችኛውን ዙሪያ በጥቁር ፕላስቲክ ከበበው። ከንፋስ መከላከያው መስታወት ግርጌ ግራና ቀኝ የሚዞሩ የመፈለጊያ መብራቶች ተከለበት፤ ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ ጫነበት። ንድፉ የአንቶኒስ ቮላኒስ ነው። መኪናው ማትራ ሲምካ ራንቾ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ቀረበ።

የራንቾ ሞተር 1442 ሲሲ ሲሆን 80 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። የሚጎትተው በፊት ጎማ ብቻ ነው። ተጨማሪ ከባድ ማርሽ የለውም። የፊት መጎተቻ ገመድና የሚያግዝ ዲፈረንሻል የተጨመረበት ግራን ሬድ የተባለ ዓይነትም ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚጎትተው በፊት ጎማ ነበር። ሆኖም እስከ 1984 ድረስ ከ56 ሺህ በላይ ራንቾ ተሠርቶ ተሸጧል።

ገዢው ተታልሎ ነበር? አብዛኛው አልተታለለም። የፈረንሳይ ቤተሰብ የሚፈልገው ለእረፍት ወደ ገጠር ሲወጣ ዕቃ የሚይዝ፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት፣ የሣር ሜዳ ላይ ቢቆም የማያፍርበት መኪና ነበር። ራንቾ ያንን በርካሽ ሰጠው። የሰጠው ትምህርት ግን ለአምራቾች ሁሉ ደረሰ፦ ገዢው የሚከፍለው ለሚሄድበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ እሄድበታለሁ ብሎ ለሚያስበው ቦታም ይከፍላል።

ያው ዓመት፣ ሌላው መንገድ

ራንቾ በወጣበት እ.ኤ.አ. በ1977 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተገላቢጦሹ ተሠራ። አዲስ አበባን በታክሲነት ያገለገሉት ላዳዎች ፋብሪካ ኒቫን ማምረት ጀመረ። ኒቫ ሲታይ ትንሽ ባለ ሦስት በር መኪና ነው፤ ግርማ የለውም። ከሥሩ ግን አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል፣ ተጨማሪ ከባድ ማርሽ አለው፣ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ኃይል እኩል የሚያስር ቁልፍ አለው። ራንቾ መልኩን ወስዶ ሥራውን ተወ፤ ኒቫ ሥራውን ወስዶ መልኩን ተወ።

በመካከላቸው ሌሎች ነበሩ። ሱባሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ሌዮኔ የተባለውን የቤተሰብ መኪና አራቱም ጎማ የሚጎትት አድርጎ አቅርቧል። የአሜሪካው ኤኤምሲ በ1979 መጨረሻ ኢግልን አወጣ፤ ተራ የቤት መኪና ከፍ ተደርጎ አራቱም ጎማው እንዲጎትት የተደረገ ነበር። ፊያት በ1983 ትንሿን ፓንዳ ከኦስትሪያው ሽታየር ፑክ ጋር ሆኖ ባለ አራት ጎማ ጎታች አደረጋት፤ የአልፕስ ተራራ ገበሬ ዛሬም አልለቀቃትም። እነዚህ መኪኖች ትንሽና ርካሽ መኪና እውነተኛ ችሎታ ሊኖረው እንደሚችል አረጋግጠዋል።

ታዲያ ገበያውን ለምን የራንቾ መንገድ አሸነፈ? አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። አራቱንም ጎማ ማስጎተት ተጨማሪ ዲፈረንሻል፣ ተጨማሪ ዘንግ፣ ተጨማሪ ክብደትና ነዳጅ ይጠይቃል፤ ጥቁር ፕላስቲክ ግን ከቅርጽ ማውጫ ውስጥ በብዛት ይወጣል። ከፍ ያለውን መልክ ያስፋፋው ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ሕግ የነዳጅ ፍጆታ ወሰን ስታስቀምጥ ለቀላል የጭነት መኪና ከቤት መኪና የላላ ወሰን ሰጠች። ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ከጭነት ወገን ለመቆጠር ከአምስት መለኪያዎች አራቱን ማሟላት ነበረበት፦ የፊት መግቢያ ማዕዘኑ ቢያንስ 28 ዲግሪ፣ የሆዱ 14 ዲግሪ፣ የኋላ መውጫው 20 ዲግሪ፣ ከመሬት ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማ ዘንጉ ከፍታ 18 ሴንቲ ሜትር። ሱባሩ በ2004 አውትባክን ከፍ አድርጎ ከጭነት ወገን ያስቆጠረው በዚህ ነው። ሕጉ ለሥራ መኪና የተወውን ክፍተት አምራቾች ለቤት መኪና ተጠቀሙበት፤ የመኪናው ከፍታም የመንገድ ብቻ ሳይሆን የወረቀት ጉዳይ ሆነ።

ትንንሾቹ ሲታጠቁ

ሀችባክ የሚባሉት፣ የኋላ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት ትንንሽ መኪኖች ወደዚህ ሰልፍ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ብራዚል ውስጥ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1999 የፓሊዮ ቤተሰብ የሆነውን አድቬንቸር አወጣ፤ ከፍ ያለ፣ ፕላስቲክ የታጠቀ፣ የፊት ጎማ ብቻ የሚጎትት። የብራዚል ገጠር ብዙ ጥርጊያ መንገድ አለው፤ ከፍታው ስለዚህ ከንቱ አልነበረም። ቮልክስዋገን በ2005 ክሮስፎክስን አስከተለ፤ ቀጥሎ ከሌላ አምራች ሳንዴሮ ስቴፕዌይ የተባለው መጣ።

እንግሊዝ ውስጥ ኤምጂ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ2003 ሮቨር 25 የተባለችውን ትንሽ መኪና በትንሹ ከፍ አድርጎ፣ ፓራውልቷን በጥቁር ፕላስቲክ ለውጦ ስትሪትዋይዝ ብሎ ሸጣት። ኩባንያው ራሱ የከተማ መንገድ መኪና መሆኗን በማስታወቂያው አልደበቀም። በሁለት ዓመት ውስጥ ኩባንያው ከሰረ፤ ሐሳቡ ግን አልከሰረም። ኒሳን ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዟ ሰንደርላንድ ከተማ ካሽካይን ሲያመርት አልሜራ የተባለችውን ተራ ሀችባክ በእሱ ተካ። አብዛኛው ካሽካይ የሚጎትተው በሁለት ጎማ ነው፤ አውሮፓ ግን ገዝቶ አልጠገበውም። ከዚያ ወዲህ ተራ የነበረው ሀችባክ እየጠፋ፣ የታጠቀው ተራ ሆነ።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የመኪና ምርጫን የሚወስነው ከመንገዱ ይልቅ ቀረጡ ነው። ለብዙ ዓመት የቤት መኪና ኤክሳይስ ታክስ የሚሰላው በሞተር መጠን ነበር፦ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ 100 በመቶ። ትንሿ መኪና ቪትዝ አዲስ አበባን የሞላችው በዚህ ስሌት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ትልቅ ሞተር ያለው አሮጌ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ለግለሰብ የማይቀመስ ሆነ። በልቡ ላንድ ክሩዘር የሚመኝ፣ በኪሱ ቪትዝ የሚችል ሰው ተፈጠረ። ለዚህ ሰው በመልክ ከፍ ያለ፣ በሞተር አነስ ያለ መኪና የተላከ መልስ መሰለው።

በአገር ውስጥ የተገጣጠመው ሊፋን ኤክስ60 አንዱ ነው። ከሩቅ ራቭ ፎር ይመስላል፤ የሚጎትተው ግን በፊት ጎማ ብቻ ነው፣ ባለ አራት ጎማ ጎታች ዓይነትም አልተሠራለትም። ቀጥሎ ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው ሱዙኪ ኤስ-ፕሬሶ መጣች። ባለ 1 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ያላት፣ 180 ሚሊ ሜትር ከመሬት ከፍ ያለች ትንሽ ሀችባክ ናት፤ አቋሟ የተራራ መኪና ታናሽ እህት ያስመስላታል። ከጥር 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ሲታወቅ፣ የቮልክስዋገን አይዲ 4ና የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎዳናውን ሞሉት። እነሱም ከፍ ያሉና ፓራፋንጎአቸው ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ዩዋን ፕላስ የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው፤ የተለመደው አይዲ 4 የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው።

እነዚህ ለተሠሩበት ሥራ መጥፎ መኪኖች አይደሉም። ከቦሌ ሰሚት፣ ከባሕር ዳር ደሴ በአስፋልት የሚመላለስ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ጉዳቱ የሚመጣው በመልካቸው አምኖ ወደ ጠረፍ ወረዳ ጎዳና የሚያስገባቸው ሰው ላይ ነው።

ዳገቱ ላይ የሚሆነው

ከተከዜ ሸለቆ ወደ ሰቆጣ ደጋ የሚወጣ፣ ልቅ ጠጠር የፈሰሰበት አቀበት እናስብ። መኪናው አምስት ሰው ጭኗል፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ኩንታል አለ። አቀበቱን ሲጀምር ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላ ጎማዎች ይጫናሉ፣ የፊቶቹ ይቀላሉ። የሚጎትተው ደግሞ የፊቱ ነው። ሥራ የተሰጠው ጎማ መሬት የሚቆነጥጥበት ክብደት ሲያጣ፣ ሥራ የሌለው ጎማ ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ ይቀመጣል።

ከዚያ ዲፈረንሻሉ ነገሩን ያባብሰዋል። ተራ ዲፈረንሻል ኃይልን የሚሰጠው መዞር ለሚቀለው ጎማ ነው። አንዱ የፊት ጎማ ጠጠር ላይ ሲንሸራተት ኃይሉ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል፤ ጠጠሩን እያፈናጠረ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ደህና መሬት የያዘው ጎማ ግን ዝም ብሎ ይቆማል። አዳዲሶቹ መኪኖች የሚንሸራተተውን ጎማ በፍሬን የሚይዝ ኤሌክትሮኒክስ አላቸው፤ ያግዛል፣ ረጅም አቀበት ላይ ግን ፍሬኑን ያግለዋል። እንዲህ ዓይነት መኪና የያዘ ሾፌር አንዳንዴ አዙሮ በኋላ ማርሽ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ኋላ ሲወጣ የሚጎትቱት ጎማዎች ከታች ስለሚሆኑ ክብደቱ በእነሱ ላይ ያርፋል። የኋላ ጎማው የሚገፋ መኪና በአቀበት ከዚህ ይሻላል።

ቁልቁለቱ ሌላ ፈተና ነው። ሃርድ ቶፑ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ሳይነካ፣ በሞተሩ ተይዞ በእርምጃ ፍጥነት ይወርዳል። ከባድ ማርሽ የሌለው መኪና አንደኛ ማርሽ ላይም ሆኖ ይፈጥናል፤ ሾፌሩ ፍሬኑን ይዞ ለመውረድ ይገደዳል። የጋለ ፍሬን ይለሰልሳል፤ ገደል አጠገብ ለለሰለሰ ፍሬን ምሕረት የለም። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ መልሶ ኃይል እያመነጨ ስለሚይዘው በዚህ በኩል ጥሩ ነው፤ ባትሪው ግን በሙሉ ሆዱ ሥር ተዘርግቷል፣ የወንዝ ድንጋይ የሚያገኘውም ሆዱን ነው። በነዳጅ መኪናም ኮፓው ከተመታ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሞተሩ ይነክሳል፣ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

በተቃራኒው መታወቅ ያለበት አንድ እውነት አለ። ኮረኮንች ላይ ከሚቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ የሚቆሙት አራት ጎማ ስላልጎተተላቸው አይደለም፤ ሆዳቸው ስለሚመታ፣ ጎማቸው ቀጭን ስለሆነና ስለሚቀደድ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለች ባለ ሁለት ጎማ ጎታች ሀችባክ፣ ደረቅና የተጠረገ ጠጠር መንገድ ላይ ከዝቅተኛ የቤት መኪና በእውነት ትሻላለች። ልዩነቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ከሥር የሚነበብ መኪና

መኪና የሚገዛ የዋግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ለመዝናኛ አይደለም። የቤተሰብ ጥሪት ተሰብስቦ፣ ከብት ተሸጦ፣ ብድር ተጨምሮበት ነው። ያ መኪና ምጥ የያዛት ሴት፣ የታመመ ሽማግሌ፣ ለገበያ የሚወጣ እህል ይጭናል። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት ከሥሩ ይንበርከክ። የሚጎትተው የትኛው ጎማ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ከኋላ ጎማዎች መካከል ዲፈረንሻልም ሆነ ሞተር ካላየ የሚጎትተው የፊቱ ብቻ ነው። ከመሬት እስከ ዝቅተኛው ብረት ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ፤ ማርሚታውንና ኮፓውን ይይ፣ ከሥራቸው የብረት መከላከያ መኖሩን ይፈትሽ። ጎማው በቸርኬው ላይ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ያስተውል፤ ቸርኬው ሰፍቶ የጎማው ጎን ከቀጠነ ለድንጋይ የተሠራ አይደለም። በመጨረሻም ሰው ጭኖ አንድ ልቅ አቀበት ላይ አቁሞ ያስነሳው። ማስታወቂያው ያልነገረውን አቀበቱ ይነግረዋል።

ሻጩም ድርሻ አለው። የሚጎትቱት ጎማዎች፣ ከመሬት ከፍታውና የከባድ ማርሽ መኖር አለመኖር ከዋጋው ጎን በአማርኛ ተጽፈው ቢለጠፉ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የነዳጅ ፍጆታ የሚነገረው ገዢ ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መንገዱ ነው። የዝቋላ አርሶ አደር የሚያስፈልገው ሁሉም ላንድ ክሩዘር እንዲኖረው አይደለም፤ አብዛኛው መቼም መኪና አይኖረውም። የሚያስፈልገው መሻገሪያው ላይ ድልድይ፣ በመንገዱ ዳር የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ከክረምት በኋላ በጊዜ የሚደርስ ግሬደር ነው። መንገድ ሲሠራ ደካማውም መኪና ይበቃል፤ የመሳፈሪያው ዋጋ ይረክሳል፣ በሽተኛው ይደርሳል። መንገድ በሌለበት ደግሞ ጥቁር ፕላስቲክ የማንንም ሕይወት አይሸከምም። የተራራ መኪና መልክ ከተራራ ሰዎች ችግር የተወለደ ነው፤ ገበያው መልኩን ወስዶ አትርፎበታል። ለተራራው ሰው የሚገባው ችሎታው ነው፦ እውነቱ ተጽፎ የሚሸጥ መኪናና ውሃ የማይበላው መንገድ።